የአንባቢያን ጥያቄ፦ የመጀመሪያውን የአማርኛ ብሎግ ለመክፈት

ብሎግ ስለመጀመር ከደረሱን ጥያቄዎች ስድስቱን መርጠናል። ቀለሙ፣ ዲዛይኑ፣ የገጹ አሰላለፍ በማንኛውም ቀን ይቀየራል። ኢሜይሉ፣ አድራሻውና ፊደሉ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ከተበላሹ በኋላ ማረሙ አድካሚ ነው። መልሳችን አንዱ ጋ ረዝሞ ሌላው ጋ ያጠረውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ስለ እናቴ አገር ምግብ መጻፍ እፈልጋለሁ። ያለኝ ስልክ ብቻ ነው፤ ገንዘብም ማውጣት አልችልም። ፌስቡክ አይበቃኝም? ካልበቃኝስ የት ልክፈት? (ተማሪ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ፌስቡክ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ሁለት ሦስት ቀን ይነበብና ወደ ታች ይወርዳል። ከዓመት በኋላ አንዲት ሴት ጎግል ላይ ስትፈልገው አታገኘውም። ብሎግ ላይ ግን ጽሑፉ የራሱ ቋሚ አድራሻ አለው። ስለዚህ ዋናውን ብሎግህ ላይ አስቀምጥ፤ ፌስቡክና ቴሌግራም ሊንኩን ያዳርሱልህ።

ሳንቲም ሳታወጣ ለመጀመር ሁለት ጥሩ አማራጭ አለህ፦ ብሎገርና ዎርድፕሬስ ዶት ኮም። ብሎገር እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የጎግል ነው፤ በጂሜይል ይከፈታል፣ ካልፈለግህ ማስታወቂያ አይለጥፍብህም። የዎርድፕሬስ ነጻ አማራጭ በመልክ ያምራል፤ ግን የራሱን ማስታወቂያ ያስገባል፣ የራስህን ዶሜን (ገዝተህ የምትይዘውን የድረ ገጽ ስም) ለማያያዝም ክፍያ ይጠይቃል። ስልክ ብቻ ላለው ጀማሪ ብሎገር ይሻላል እንላለን።

ብሎጉን ከመክፈትህ በፊት ኢሜይሉን አጠናክር። ብሎግ ከሚጠፋባቸው ምክንያቶች ዋናው ይሄ ነው፦ ባለቤቱ ስልኩ ይጠፋበታል፣ ፓስወርዱን ይረሳል፣ ማረጋገጫው ኮድ ደግሞ አሁን በእጁ ወደሌለ ሲም ይላካል። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ይዘጋል፣ ለሌላ ሰውም ሊሰጥ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። የጂሜይልህ የደህንነት ገጽ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ስታበራ ባለ ስምንት አኃዝ የሆኑ 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጥሃል። ደብተር ላይ ጻፋቸውና ቤት አስቀምጥ። ስልኩ ውስጥ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ አይጠቅምም፤ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ብሎጉን ከከፈትህ በኋላ ደግሞ ሁለተኛ ኢሜይልህን፣ ወይም የምታምነውን የወንድምህን፣ በአስተዳዳሪነት ጨምር። አንዱ በር ቢዘጋ በሌላው ትገባለህ።

ቀጥሎ አድራሻው። ሰፈርህን፣ ዓመተ ምህረቱን ወይም የልደት ዘመንህን አታስገባበት። ሌላው የአማርኛ ስም በላቲን ሲጻፍ የሚመጣው ጣጣ ነው። «ቀ»ን አንዱ በኪው፣ ሌላው በኬ ይጽፋታል፤ «ጠ»፣ «ጨ» እና «ጸ»ም እንዲሁ ናቸው። እነዚህ ድምፆች የሌሉበት ሁለት አጫጭር ቃል ምረጥ። ከዚያ ለአክስትህ ደውለህ ስሙን በቃል ንገራትና ጽፋ እንድትልክልህ ጠይቃት። ስህተት ከጻፈች ሌላ ስም ፈልግ። አድራሻውን በኋላ መቀየር ይቻላል፤ ነገር ግን እስከዚያ ቀን ሰው ጋ የደረሱት ሊንኮች በሙሉ ይሞታሉ።

ሴቲንግ ውስጥ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ነገር አስተካክል። የሰዓት ክልሉ ብዙ ጊዜ የአሜሪካ ፓሲፊክ ሆኖ ስለሚመጣ ጠዋት የለጠፍከው ጽሑፍ የትናንት ቀን ይዞ ይወጣል፤ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ቀይረው። አስተያየቶች አንተ አይተህ ስትፈቅድ ብቻ እንዲወጡ አድርግ። የፍለጋ መግለጫ የሚለውን አብራና ብሎጉ ስለምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍበት።

ጽሑፉን በቀጥታ ብሎጉ ገጽ ላይ አትጻፍ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ወይም ገጹ ራሱን ሲያድስ የሰዓታት ሥራ ይጠፋል። ስልክህ ማስታወሻ ላይ ጨርሰህ ስትለጥፍ «እንደ ተራ ጽሑፍ ለጥፍ» የሚለውን ምረጥ፤ አለበለዚያ ከየቦታው የመጣ የፊደል መጠንና ቀለም ይደባለቅብሃል። ሦስት ጽሑፍ ሳይወጣ ደግሞ ለማንም አትናገር። አንድ ጽሑፍ ብቻ ያየ ሰው ተመልሶ አይመጣም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ለረጅም ዓመታት በኮምፒውተር የጻፍኳቸው ከመቶ በላይ ጽሑፎች አሉኝ። ወርድ ላይ ሲከፈቱ ንጹሕ አማርኛ ናቸው፤ ብሎግ ላይ ስለጥፋቸው ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናሉ። ፋይሎቼ ተበላሽተው ይሆን? (ከደሴ)

መልስ፦ መምህር፣ አይዞዎ፤ ፋይሎችዎ ደህና ናቸው። እንደ ቪዥዋል ግዕዝና እንደ ቀድሞው ፓወር ግዕዝ ያሉት ፎንቶች (የፊደል ቅርጾች) የተሠሩት ፊደላችን በኮምፒውተር ውስጥ የራሱ ቁጥር ባልነበረው ዘመን ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ የ«ለ»ንና የ«መ»ን ቅርጽ አለበሱ። ኮምፒውተርዎ ውስጥ የተቀመጠው የላቲኑ ቁጥር ነው፤ አማርኛ የሚያደርገው የፎንቱ ልብስ ብቻ ነው። ብሎጉ ያ ፎንት ስለሌለው ያለ ልብሱ ያሳየዋል። የግዕዝ ፊደል የራሱን ቋሚ ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው፤ ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጥ የጋራ መስፈርት ነው።

የትኞቹ ጽሑፎችዎ እንደዚህ እንደሆኑ ለመለየት አንድ መስመር ምልክት አድርገው ፎንቱን የዩኒኮድ ወደሆኑት ወደ ኒያላ ወይም ወደ ኖቶ ኢትዮፒክ ይቀይሩ። አማርኛነቱን ከያዘ ዩኒኮድ ነው፤ እንዳለ ይለጥፉት። ወደ ላቲን ከተገለበጠ የድሮ ፎንትን ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም መለወጥ አለበት። የዚያኑ ጊዜ ቀድሞ የነበረውን የፎንት ስም ወረቀት ላይ ይያዙ። የለዋጭ ፕሮግራም ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄ እሱ ነው፤ በተለያየ ዘመን የጻፏቸው ፋይሎችዎም አንድ ፎንት ላይሆኑ ይችላሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ ለዋጩ ሳጥን ውስጥ ሲለጥፍ ነው። አንድ የድሮ ፎንት ከ256 በላይ ቦታ ስለሌለው አንዳንዶቹ ፕሮግራሞች ፊደላችንን ለሁለት ፎንት ከፍለውታል። አንዱ የላቲን ቁጥር በመጀመሪያው ፎንት አንድ ፊደል፣ በሁለተኛው ሌላ ፊደል ነው። ተራ ጽሑፍ አድርገው ሲለጥፉት የትኛው ፊደል በየትኛው ፎንት እንደነበር ይጠፋል፤ ውጤቱም ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ስህተት ይሆናል። ስለዚህ የወርድ ፋይሉን ራሱን ተቀብሎ ፎንቱን እያነበበ የሚለውጥ ፕሮግራም ነው የሚያስፈልግዎ።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። በመጀመሪያ ሁሉንም ፋይል ሁለት ፍላሽ ላይ ይገልብጡ፤ ዋናዎቹን አይንኩ። ከዚያ አንድ አጭር ጽሑፍ ብቻ ይለውጡና ከታተመው ቅጂ ጋር ፊት ለፊት ያስተያዩ። ዓይንዎን የሚጥሉት እንደ ሏ፣ ሟ፣ ቧ፣ ኳ ባሉት ፊደላት፣ በቁጥሮች፣ በቅንፍና በትእምርተ ጥቅስ፣ በአራት ነጥብ ላይ ነው፤ ስህተት የሚደበቀው እዚያ ነው። በመካከል የጻፉት የእንግሊዝኛ ቃል ካለም ወደማይነበብ ግዕዝ ተለውጦ እንዳይሆን ይዩት። አንዱ ከተስተካከለ አሥር አሥር እያደረጉ ይቀጥሉ። ለዋጭ ያልተገኘለት ፎንት ካጋጠመዎ ጽሑፉን አትመው በስካነር ያንሱትና ጎግል ዶክስ ፊደሉን ከምስሉ እንዲያነብ ያድርጉ። አማርኛ ያነባል፤ በጭራና በቀለበት ብቻ የሚለያዩ ፊደላትን ግን ስለሚያምታታ እያንዳንዱን ገጽ ቁጭ ብሎ ማረም ይጠይቃል።

መምህር፣ ጊዜ የሚወስድ ሥራ ነው። ግን መቶ ጽሑፍ ለአገር ትልቅ ነገር ነው፤ ያለ ዩኒኮድ ማንም ፈልጎ ሊያገኛቸው አይችልም።

ከእንግዲህ ሲጽፉም ሁለት ነገር ይጠብቁልን። አራት ነጥብን የራሷን ፊደል ይጠቀሙ እንጂ ሁለት የእንግሊዝኛ ኮለን ደርድረው አይሥሯት፤ ከመስመር ጫፍ ላይ ለሁለት ትከፈላለች። የግዕዝን ፊደል ደግሞ አያዝምሙት። ለማጉላት ደማቅ ጽሑፍ ወይም ትእምርተ ጥቅስ ይበቃል። በመስመሮቹ መካከል ያለውን ርቀት 1.7 አካባቢ፣ የፊደሉን መጠን 18 ቢያደርጉት በስልክ ለሚያነብ ዓይን ይስማማል።

ጥያቄ፦ የብሎጌን ሊንክ ለጓደኞቼ ስልክላቸው በመቶኛ ምልክትና በቁጥር የተሞላ ሦስት መስመር ሆኖ ይወጣል። ሰው ቫይረስ ነው ብሎ አይከፍተውም። ምን ላድርግ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ የተጠቀምሽው ዎርድፕሬስ መሆኑ ከአነጋገርሽ ያስታውቃል። ዎርድፕሬስ የጽሑፉን ርእስ ወስዶ አድራሻ ያደርገዋል። አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት (የኮምፒውተር መረጃ መለኪያ) ነው፤ አድራሻ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ባይት በመቶኛ ምልክትና በሁለት ሆሄ ይጻፋል። ስለዚህ አንዷ «ሀ» ዘጠኝ ቦታ ትይዛለች። አድራሻው 200 ሆሄ ላይ ስለሚቆረጥ ከርእስሽ የሚተርፈው 22 ፊደል ያህል ነው። አጀማመራቸው ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ርእሶች ደግሞ አንድ ዓይነት ይሆኑና ሁለተኛው ጫፉ ላይ ቁጥር ይለጠፍበታል።

ብሎገር በተቃራኒው የግዕዙን ፊደል ጠቅላላ ይጥለዋል። የአማርኛ ርእስ ያላቸው ጽሑፎች ሁሉ «ብሎግ ፖስት» በሚል ስምና በቁጥር ብቻ ይለያሉ።

ለሁለቱም መድኃኒቱ አንድ ነው። «አትም» ከመጫንሽ በፊት ቋሚ አድራሻ የሚለውን ሳጥን ክፈችና ከሦስት እስከ አምስት ቃል በላቲን ፊደል፣ በሰረዝ እያያያዝሽ ጻፊ። ርእሱ በአማርኛ ይቆያል፤ የሚቀየረው አድራሻው ብቻ ነው። አንድ ድምፅ አንድ ቦታ በአንድ ዓይነት፣ ሌላ ቦታ በሌላ ዓይነት እንዳይጻፍ የራስሽን ደንብ አውጪ። የወጡትን አሮጌ ጽሑፎች ግን ዝም ብለሽ አትቀይሪ። ብሎገር ላይ ያለ ሰው «ስህተቶችና ማዞሪያዎች» በሚለው ሴቲንግ አሮጌውን አድራሻ ወደ አዲሱ ካላዞረ ቀድሞ የተላከው ሊንክ ባዶ ገጽ ይከፍታል።

ጥያቄ፦ ሪያድ በሰው ቤት እሠራለሁ። አዲስ ለሚመጡ እህቶች የሚጠቅም ነገር መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ማንነቴ ግን እንዲታወቅ አልፈልግም። ይቻላል?

መልስ፦ እህታችን፣ ይቻላል፤ ጥንቃቄው ግን ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። አንዴ በስምሽ የወጣ ነገር ተመልሶ አይሰበሰብም።

ስምሽና ፎቶሽ የሌለበት አዲስ ጂሜይል ክፈቺ፤ ለሌላ ነገር አትጠቀሚበት። ብሎገር ሲጠይቅሽ የብዕር ስም ስጪው፣ የፕሮፋይሉን ገጽ ከሌላ ስልክ ከፍተሽ ምን እንደሚያሳይ አረጋግጪ። ሥራሽን በራስሽ ሲም ዳታ ሥሪ። የቤቱ ዋይፋይ ባለቤት የጻፍሽውን ባያነብም የትኛው ድረ ገጽ ላይ እንደገባሽ ሊያይ ይችላል።

ሰውን የሚያሳውቀው ግን ብዙ ጊዜ ኮምፒውተር ሳይሆን ወሬው ራሱ ነው። «አራት ልጆች፣ ማዳም አስተማሪ፣ ባለፈው ዓርብ» የሚሉ ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ከተጻፉ ቤቱ ታወቀ ማለት ነው። ሰፈሩን፣ የልጆቹን ቁጥር፣ ሥራቸውን አስቀሪው፤ የሆነውን ነገርም በሆነበት ሳምንት አትጻፊው፣ ወራት ይለፉት። በቤቱ ውስጥ የተነሳ ፎቶ ፈጽሞ አይውጣ። ለጥንቃቄ ብቻ አይደለም የምንለው። የሳዑዲ ዓረቢያ የኮምፒውተር ወንጀል ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በስልክ ካሜራ የሰውን የግል ሕይወት መድፈርን በእስርና በገንዘብ ይቀጣል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. የ2021 ሕግም ያለ ፈቃድ የሰው ፎቶ ማውጣትን ይከለክላል።

ደስ የሚለው ነገር፣ አዲስ መጪዋን በጣም የሚጠቅማት መረጃ ማንንም አያጋልጥም። የውል ወረቀት ላይ ምን ምን መኖር አለበት፣ ከመነሳቷ በፊት የፓስፖርቷንና የውሏን ቅጂ ማን ጋ ታስቀምጥ፣ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ማለት ምንድን ነው፣ ለኩሽናና ለጽዳት የሚያስፈልጉ ሃምሳ የዓረብኛ ቃላት በአማርኛ ፊደል፦ እነዚህን ጻፊ። መጠባበቂያ ኮዶቹንም ከፓስወርዱ ጋር አገር ቤት ላለች አንዲት የምታምኛት እህትሽ ስጪ። ስልክሽ ቢጠፋ ወይም ቢወሰድ ብሎጉን እሷ ትይዝልሻለች።

ጥያቄ፦ ሁለት ወር ሆነኝ፤ 11 ጽሑፍ አውጥቻለሁ። የሚያነበው እህቴ ብቻ ናት። ስለ ባህላዊ ምግብ ነው የምጽፈው። ምን አጠፋሁ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከላክሽልን ርእሶች አንዱን እንውሰድ፦ «ስለ እንጀራ»። ይህን ጎግል ላይ የሚጽፍ ሰው የለም። ሊጥ ፊት ቆማ የተቸገረች ሴት የምትጽፈው «እንጀራዬ ዓይን አላወጣ አለኝ» ብላ ነው፤ ወይም «አብሲት ከጣልኩ በኋላ ሊጡ ኩፍ አላለም»። ርእስሽ የእሷ ጥያቄ ይሁን። የመጀመሪያው አንቀጽ ደግሞ መልሱን ወዲያው ይስጣት፤ ስለ ጤፍ ታሪክ ማውራት የምትችይው ከዚያ በኋላ ነው። ከአንዱ «ስለ እንጀራ» ውስጥ እንዲህ ስድስት ሰባት ጽሑፍ ይወጣል፦ እርሾው፣ አብሲቱ፣ የምጣዱ ሙቀት፣ ውጭ አገር ባለ ዱቄት ሲጋገር የሚለወጠው ነገር። እያንዳንዱን ከሌላው ጋር በሊንክ አያይዢው። ከ400 እስከ 800 ቃል ይበቃል። በየሁለት ሳምንቱ አንድ፣ ግን ሳይቋረጥ፤ ለዚህም ሁልጊዜ አራት አምስት ረቂቅ በእጅሽ ይኑር።

የፊደል ነገር አለ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ እንዲሁም ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው። «ሠርግ» ብለሽ የጻፍሽውን «ሰርግ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ሊያጣው ይችላል። ርእሱን ከመወሰንሽ በፊት ቃሉን በሁለቱም ዓይነት ጎግል ላይ ጻፊና የትኛው ብዙ ውጤት እንደሚያመጣ ተመልከቺ፤ ያንኑ ይዘሽ እስከ መጨረሻው ዝለቂ። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ መቀላቀል ግን አይገባም፤ ጽሑፉን ያዝረከርከዋል፣ ፊደሉን የሚወድ አንባቢም ያዝናል።

ብሎግሽን ሰርች ኮንሶል በሚባለው የጎግል ነጻ አገልግሎት አስመዝግቢ። አዲስ ብሎግ ፍለጋ ውስጥ እስኪገባ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። እስከዚያው የቴሌግራም ቻናል ክፈቺ። ሙሉውን ጽሑፍ እዚያ አትለጥፊ፤ ሁለት አንቀጽና ሊንኩን ብቻ። አንድ መልእክት 4,096፣ ከፎቶ ሥር የሚጻፍ ደግሞ 1,024 ሆሄ ነው የሚይዘው። ርእሱን ወይም ፎቶውን ሊንኩ ከተላከ በኋላ ብትቀይሪ ቴሌግራም አሮጌውን ማሳየቱን ይቀጥላል፤ ዌብፔጅ ቦት ለሚባለው የቴሌግራም ቦት ሊንኩን ላኪለት፣ ያድሰዋል።

ፎቶሽ ከባድ መሆኑንም አይተናል። ከስልክ የወጣ ፎቶ ሦስት አራት ሜጋባይት ይሆናል፤ በሞባይል ፓኬጅ የሚያነብ ሰው ገጹ ሳይከፈት ይተወዋል። ጎኑን 1,200 ፒክስል፣ ክብደቱን ከ200 ኪሎባይት በታች አድርጊው። ከኢንተርኔት የሰው ፎቶ አንስተሽ አትለጥፊ። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ ባለቤትም መብት አለው። በመስኮት ብርሃን ራስሽ ያነሳሽው የሞሰብ ፎቶ ከየትኛውም ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ጀርመን ያለ የአጎቴ ልጅ ዶሜን ሊገዛልኝ ነው። ምን ልጠንቀቅ? (ከአዳማ)

መልስ፦ እሱ ይክፈል፣ ምዝገባው ግን በአንተ ኢሜይል ይሁን። ዘመድ በደግነት በራሱ ስም ይገዛል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የማደሻ ማስታወሻው እሱ በማይከፍተው ኢሜይል ይመጣና ዶሜኑ በሌላ ሰው ይወሰዳል። ዶት ኮም በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር አካባቢ ነው። የመጀመሪያው ዓመት በ2 ዶላር ከቀረበልህ የማደሻውን ዋጋ ፈልገህ አንብብ። ሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ) አብራችሁ ግዙ ቢሏችሁ አሁን አትግዙ፤ ዶሜኑ ከብሎገር ጋር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይያያዛል። አድራሻህና ስልክህ በይፋ እንዳይታይ የግላዊነት ጥበቃው መብራቱንም አረጋግጥ።

በተገዛ በቀናት ውስጥ ኢሜይልህን እንድታረጋግጥ የሚጠይቅ መልእክት ይመጣል። በውስጡ ያለውን ሊንክ በ15 ቀን ውስጥ ካልተጫንከው ዶሜኑ ይታገዳል፣ ብሎግህም አይከፈትም። መልእክቱ ብዙ ጊዜ ስፓም ውስጥ ስለሚገባ እዚያም ፈልገው።